ቤዛዊት ቁልቁለት ላይ ቸርኬዬ ጉድ ሠራኝ፤ የትኛውን ልግዛ?

ባለ ኮርሳው (ባሕር ዳር)፦

ሰላም የብስክሌት ቤተሰብ። ጥያቄዬ አጭር ናት። ታሪኩ ግን ትንሽ ይረዝማል፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው እሑድ ማለዳ ቤዛዊት ወጣሁ። እንደ ልማዴ ቤተ መንግሥቱ አጠገብ ቆሜ አባይን አየሁት። ክረምት ስለሆነ ደፍርሶ የወተት ቡና መስሏል። ከዚያ ቁልቁል ለቀቅኳት። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ መንገዱ ገና እርጥብ ነው። መታጠፊያው ጋ ስደርስ የፊት ፍሬኑን ጨበጥ አደረግኩ። እጄ ላይ ጥቅ፣ ጥቅ፣ ጥቅ አለኝ። ቸርኬው በዞረ ቁጥር አንዲት ቦታ ፍሬኑን እየመታች ታልፋለች። ጭቃ ነው ብዬ ናቅኩት። ታች ደርሼ በአውራ ጣቴ ስዳብሰው ግን የቸርኬው ጎን የአንድ ጣት ርዝመት ያህል ወደ ውጭ ተነፍቷል። ጠጋ ብዬ ሳየው እብጠቱ መሃል ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች። ያን ጊዜ ጉልበቴ ራደ።

አየሩን አፍስሼ እየገፋኋት እስከ ፔዳ በር ወረድኩ። ከዚያ በባጃጅ። ሾፌሩ "ለሷም ሂሳብ አለው" ብሎኝ የሁለት ሰው ከፈልኩ።

በማግስቱ ሰዎች የጠቆሙኝ አንድ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኳት። አየት አደረገና "ይቺማ በመዶሻ ትገባለች" ብሎ መዶሻውን ሲያነሳ ብስክሌቴን ይዤ ሮጥኩ ማለት ይቀላል። ሌላ ሱቅ ደግሞ "28 ነው፣ ያው ነው" ብሎ አዲስ ቸርኬ ሸጠልኝ። ቤት ወስጄ ጎማዬን ላልብሰው ብል በጭራሽ! ሁለት የጎማ ማንሻ ሰበርኩ፣ አውራ ጣቴ ተላጠ፣ ጎማው ግን እምቢ አለ። ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ለካ 28 የሚባለው አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። የጥንቱ ባለ ትልቅ እግር ብስክሌት 28፣ ጎማው የሚቀመጥበት ዲያሜትር 635 ሚሊ ነው። የኮርሳው (የውድድር ብስክሌቱ) 28፣ 700ሲ የሚሉት፣ 622 ነው። 13 ሚሊ ልዩነት። ለመመለስ ስሄድ ግድግዳው ላይ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚል ወረቀት ተለጥፎ ጠበቀኝ። አሁን ቸርኬውን ልጆቼ በዱላ እየመቱ ግቢ ውስጥ ያሽከረክሩታል። እነሱ ደስ ብሏቸዋል።

ወደ ጉዳዩ። ብስክሌቷ የአጎቴ ልጅ ከ15 ዓመት በፊት ከጣሊያን ያመጣት የብረት ኮርሳ ናት። ፍሬኗ ቸርኬውን የሚይዘው ዓይነት ነው፣ ዲስክ አይደለም። ሞዞዎቹ (መሃል ላይ ሽቦው የሚታሰርባቸው) ሺማኖ፣ 32 ቀዳዳ፣ የኋላው ባለ 9 ማርሽ። ቸርኬዎቹ ማቪክ ኦፕን ፕሮ። እኔ 86 ኪሎ ነኝ፣ ከምሳ በፊት። በአዘቦት ቀን ከቤት ወደ ሥራ በኮብልስቶን፣ ቅዳሜና እሑድ ሐይቁ ዳር ወይ ቤዛዊት። ዘንድሮ ከከተማ ብዙ አልርቅም።

አማራጭ አለኝ። አዲስ አበባ አንድ ሰው ያገለገለ ኦፕን ፕሮ ጥንድ ሊሸጥልኝ ይፈልጋል። የእህቴ ባል ደግሞ ለእንቁጣጣሽ ከጀርመን ስለሚመጣ ዲቲ ስዊስ አር 460 የሚባል ቸርኬ ላምጣልህ ብሏል። ወይም ኤች ፕላስ ሰን አርኪታይፕ። እሱ አርኪታይፑን ነው የወደደው፣ ምክንያቱን ስጠይቀው "ያምራል" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ያምራል።

ግራሙን ልይ? ስፋቱን? የቀዳዳውን ቁጥር? የኋላውንስ አብሬ ልቀይር? ሞዞዎቹ ደህና ስለሆኑ ቸርኬና ሽቦውን (ስፖኩን) ብቻ ለውጬ በእጅ እንዲታሰርልኝ ነው ሐሳቤ።


ቀላል እግር፦

ወንድሜ፣ ኤርትራዊው ብስክሌተኛ ቢንያም ግርማይ በ2024 ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሦስት ጊዜ አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ሲወስድ በአልሙኒየም ቸርኬ መሰለህ? ካርቦን ግዛና ተገላገል።


ባለ ኮርሳው፦

ቢንያምን ከኋላው በቸርኬ የተሞላ መኪና ይከተለዋል። እኔን የሚከተለኝ ባጃጅ ነው።


ሠላሳ ስድስት፦

ወንድም ባለ ኮርሳው፣ እንኳን ተረፍክ። የፊት ቸርኬ ቁልቁለት ላይ ቢፈነዳ ኖሮ ይሄን ጥያቄ የምትጠይቀን ከአልጋ ላይ ሆነህ ነበር።

እኔ ሽቦ ማሰር የተማርኩት በደርግ ጊዜ ነው። ያኔ ባሕር ዳር ጠዋት ጠዋት በዘንባባው ሥር በብስክሌት ወደ ሥራ የሚጎርፈው ሰው ብዛቱ! ክረምት በገባ ቁጥር ተወላግዶ ስምንት ቁጥር የሆነ ቸርኬ በረንዳዬ ላይ ይከመራል። ስለዚህ የማወራው ከእጄ ነው፣ ወረቀት ላይ ካነበብኩት ጥቂት ጨምሬበት።

በመጀመሪያ ቸርኬህን ማን እንደገደለው እንወቅ። አሸዋ ነው የገደለው። የኮብልስቶን ውኃ ከደቃቅ አሸዋ ጋር ተረጭቶ የፍሬን ጎማው ላይ ይጣበቃል። ከዚያ ፍሬን በያዝክ ቁጥር ጎኑን እንደ ሞረድ ይሞርደዋል። አዲስ ሲሆን ያ ግድግዳ ውፍረቱ ወደ አንድ ሚሊ ተኩል ገደማ ነው። ከ1 ሚሊ ሲወርድ እኔ አላስነዳም። ከውስጥ ደግሞ ጎማው በአየር ግፊት ወደ ውጭ ይገፋዋል። ሲሳሳ፣ ሲሳሳ አንድ ቀን ያብጣል። ያንተ ያበጠው በዚህ ነው። መዶሻ ያነሳው ሰው የሳሳውን ሊያወፍርልህ አይችልም።

አሁን የኋላውን ለካ። ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) እንዲሁ ብታስገባ ይዋሽሃል። የቸርኬው ከንፈር ከግድግዳው ስለሚወፍር ውፍረቱን የምታነበው ከንፈሩ ላይ ነው። ዘዴው ይኸውልህ። ከአሮጌ ኩሽኔታ ሁለት ትንንሽ ቢዬ አውጣ። አንዱን ከውስጥ ከከንፈሩ በታች፣ ሌላውን ከውጭ ፍሬኑ ከሚይዝበት ቦታ ላይ በትንሽ ግራሶ ለጥፍ። በካሊፐር ሁለቱን አንድ ላይ ያዝና አንብብ። ከዚያ የሁለቱን ቢዬ ውፍረት ቀንስ። የሚቀረው የግድግዳው ነው። ሦስት አራት ቦታ ለካ፤ እኩል አያልቅም።

ስለዚህ ያገለገለውን ኦፕን ፕሮ ተወው። ሰውዬው በቢዬ ለክቶ ቁጥሩን ካልላከልህ በቀር የሌላ ሰው ክረምት ነው የምትገዛው። ደግሞ ኦፕን ፕሮ ጥሩ ቸርኬ ቢሆንም ጊዜው የ23 ሚሊ ጎማ ጊዜ ነበር። የውስጥ ስፋቱ 15 ሚሊ ነው። 86 ኪሎ ይዘህ ኮብልስቶን ላይ ከሆንክ ስፋቱ 28 ሚሊ የሆነ ጎማ ነው የሚያስፈልግህ፣ ፎርኬላውና ፍሬኑ ካሳለፈልህ። 28 ሚሊ ጎማ 15 ሚሊ ቸርኬ ላይ ሲቀመጥ አምፖል ይመስላል፤ አንገቱ ቀጭን፣ ሆዱ ሰፊ። ኩርባ ላይ ይዋልላል። 18 ሚሊ ላይ ግን ተደላድሎ ይቀመጣል፤ አየሩንም ዝቅ አድርገህ መንዳት ትችላለህ።

አር 460 ውስጡ 18 ነው፣ ክብደቱ ከስሙ እንደምታየው 460 ግራም ገደማ። ከኦፕን ፕሮ ጋር ያለው ልዩነት የአንድ እንቁላል ክብደት አይሞላም። ስለ ግራም የሚያስብ ሰው ቁርሱን ይቀንስ። አርኪታይፑም ጠንካራ ነው፣ 23 ሚሊ ስፋት፣ 25 ሚሊ ቁመት። የማልወድለት ነገር ጥቁሩ ቀለም ፍሬኑ የሚይዝበትን ቦታ ጭምር መሸፈኑ ነው። በኛ ጭቃ ቀለሙ እየተገፈፈ ይሄዳልና የምትወደው ውበት ዥጉርጉር ሆኖ ይቀራል። ከወደድከው ብርማውን ውሰድ።

ካርቦን ያልከው ልጅ፣ አትቀየመኝ። ፍሬን የሚይዘው ካርቦን ቸርኬ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ሙጫው ይላላል። ከደጀን ተነስተህ አባይ በረሃ ድልድዩ ድረስ ከ1000 ሜትር በላይ ስትወርድ ፍሬን ይዘህ ሞክረውና ንገረኝ። አሸዋው ደግሞ ውዱንም ርካሹንም እኩል ነው የሚሞርደው።

አሁን ዋናው። እኔ ቸርኬ ስመርጥ መጀመሪያ የማየው ኢአርዲ የሚሉትን ቁጥር ነው። የስፖኩ ጫፍ ኒፕሉ (ስፖኩን የሚያጠብቀው ትንሽ ዳዶ) ውስጥ የሚያርፍበት ክብ ዲያሜትር ማለት ነው። የስፖክህን ርዝመት የሚወስነው እሱ ነው። የኦፕን ፕሮ 602፣ የአር 460 ደግሞ 596 ነው። ልዩነቱ 6 ሚሊ። ስፖክ ከመሃል ስለሚነሳ የሚያጥረው በግማሹ ነው፣ 3 ሚሊ። የድሮውን ስፖክ አዲሱ ላይ ብትሰካው ኒፕሉን ስታጠብቅ ስታጠብቅ ክሩ ያልቅብሃል፤ ስፖኩ ግን ገና ላላ ነው። ስለዚህ ስፖክ አብሮ መምጣት አለበት። እዚህ ገበያ ለኮርሳ የሚሆን ርዝመት በፈለግክበት ቀን አታገኝም።

አማችህ ቸርኬው እጁ ሲገባ ራሱ ይለካው። ሁለት አሮጌ ስፖኮች ልክ 250 ሚሊ ላይ ቆርጦ፣ ኒፕል አስገብቶ፣ ትይዩ በሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች ይሳባቸው። በመሃል የሚቀረውን ክፍተት ለክቶ 500 ይደምርበት። ያ ነው ኢአርዲ። ከዚያ በኋላ ነው ስፖክ የሚታዘዘው። የኋላው ቀኝና ግራ ርዝመታቸው አንድ አይደለም፤ የማርሹ ጎን ያጥራል። ዳርና ዳሩ 2 ሚሊ፣ ወገቡ 1.8 የሆነውን ይዘዝ። ከየርዝመቱ አራት አራት ትርፍ።

ደግሞ ሁለት ሳይሆን ሦስት ቸርኬ አስመጣ። ቸርኬ እንደ ጫማ ሶል ነው፣ ያልቃል። ሞዞና ስፖክ በደንብ ከተያዙ ከሱ በላይ ይኖራሉ። አንዱ ሲያልቅ ሦስተኛውን ከአሮጌው ጎን በፕላስተር ታስረዋለህ፣ ቫልቮላ ቀዳዳውን ከቫልቮላ ቀዳዳ አግጥመህ። ከዚያ ስፖኮቹን አንድ በአንድ ወደ አዲሱ ታዛውራለህ። እንደ አዲስ መጎንጎን የለ፣ ርዝመት መቁጠር የለ። ይሄ የሚሆነው ግን ኢአርዲው አንድ ሲሆን ብቻ ነው። ለዚህ ነው ከሚያምረው ይልቅ ተመልሶ የሚገኘውን ግዛ የምለው።

ስሜን አይተህ 36 ቀዳዳ ይለኛል ብለህ ፈርተህ ይሆናል። እወደዋለሁ፣ አልክድም። ነገር ግን ሞዞህ 32 ነው፣ ደህና ሞዞ አይጣልም። 32 ስፖክ እያንዳንዱ ሦስት ሦስቱን አቋርጦ ከታሰረ ላንተ ይበቃል።


ፖሊ ግቢ፦

ጋሼ ሠላሳ ስድስት፣ እጅዎን ይባርከው። እኔ ዘንድሮ የኋላዬን ራሴ አስሬያለሁ፣ መጀመሪያ ላይ ሁለት ጊዜ ፈርሶብኝ። ትንሽ ልጨምር።

ወንድሜ ባለ ኮርሳው፣ ቸርኬ ቀይረህ የፍሬን ጎማውን ካልቀየርክ አዲሱንም ትበላዋለህ። የድሮውን አውጥተህ ፀሐይ ላይ አገላብጠህ እየው። የሚያብለጨልጭ ብናኝ ታገኛለህ። ያ የቸርኬህ አልሙኒየም ነው። እኔ በመርፌ እየነቀልኩ አወጣዋለሁ፣ ከዚያ ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት አሸት አደርገዋለሁ። በክረምት በየሳምንቱ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አንዳንድ ቸርኬ ፍሬኑ የሚይዝበት ቦታ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ወይም ዙሪያውን የሚሄድ መስመር አለው። ያቺ ምልክት ስትጠፋ ቸርኬው አብቅቶለታል ማለት ነው። አዲሱ ላይ ካለ በሞባይል ፎቶ አንስተህ አስቀምጥ፤ በኋላ ነበረች ወይስ አልነበረችም ብለህ ከራስህ ጋር አትከራከርም።

ሌላ፣ አዲሱ ቸርኬ ከድሮው ወደ 3 ሚሊ ገደማ ይሰፋል። የፍሬኑን ገመድ ሳታላላ ጎማው አይገባልህም። እኔ ይሄን ሳላውቅ ሞዞው ተበላሸ ብዬ አልቅሻለሁ።

አንድ ጥያቄ ለጋሼ፦ የኋላ ስፖክ ለምን እንደሚበጠስ አልገባኝም። አጥብቄ ነው የማስረው፣ ሆኖም ሁለት ተበጥሶብኛል።


ሠላሳ ስድስት፦

ልጄ፣ የተበጠሰው የትኛው ጎን ነው? ግራው ከሆነ ያጠበቅሽው አይደለም የገደለው፣ የላላው ነው። የኋላ ሞዞ ላይ ማርሹ ቦታ ስለሚወስድ ቀኙ በጣም ሲጠብቅ ግራው ከግማሹ እምብዛም አይበልጥም። ላላ ያለ ስፖክ ጎማው በዞረ ቁጥር ይላላል፣ ይጠብቃል፣ ይላላል፣ ይጠብቃል። ሽቦን ወዲያ ወዲህ እያጠፍሽ ሰብረሽ ታውቂ የለ? ያው ነው። ክርኑ ላይ፣ ሞዞው ጋ ይቆረጣል።

ቀኙን ቸርኬው እስከሚፈቅደው ድረስ አጥብቂው፤ ግራው ተከትሎ ይጠብቃል። ብዙ የኮርሳ ቸርኬ እስከ 120 ኪሎ ውጥረት ይችላል፤ ያንቺን ፋብሪካው የጻፈውን እይ። መለኪያው ከሌለሽ ጆሮ አለሽ። ክራር እንደሚቃኝ ሰው በጥፍርሽ ቃኚው። የአንድ ጎን ስፖኮች አንድ ዓይነት ድምፅ ማውጣት አለባቸው። ቀኝን ከግራ ጋር አታወዳድሪ፣ እነሱ ድሮም አይስማሙም።


ፖሊ ግቢ፦

ግራው ነው! ሁለቱም ግራ። እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ።


ባለ ኮርሳው፦

ጋሼ፣ በቢዬ ለካሁ። የኩሽኔታ ቢዬ ፍለጋ የልጄን አሮጌ ሮለር ስኬት ፈታሁ፣ አልነገርኳትም። የፊቱ ከእብጠቱ ራቅ ብሎ 0.7 ነው። የኋላው 1.1። የኋላው ገና ነው ብዬ ልተወው ነበር፣ ግን ከዚህ በኋላ አንድ ክረምት የሚችል አልመሰለኝም። ሁለቱንም እቀይራለሁ።

አማቼ ሦስት አር 460 ብርማ አዘዘ። ትናንት በቪዲዮ እየተያየን ለካነው። እሱ ስፖክ ቆርጦ፣ ኒፕል አስገብቶ ይስባል፣ እኔ ከዚህ "ሳበው፣ ሳበው" እላለሁ። አንዱ 96 ሚሊ፣ ሌላ ቦታ 96፣ ሦስተኛ ቦታ 95 ተኩል። 500 ሲደመር ልክ እርስዎ ያሉት መጣ። ስፖኩም ታዟል፣ ትርፉ ጭምር። ችግሩ ቸርኬ 63 ሳንቲም ስለሆነ ሻንጣ ውስጥ አይገባም። በካርቶን ለብቻው ነው የሚመጣው። እህቴ ካርቶኑን አይታ "ለኔ ነው?" ብላዋለች። ምን ብሎ እንደመለሰላት አልነገረኝም።


ሠላሳ ስድስት፦

ቸርኬው ውስጥ የምታነጥፈውን ቴፕ አትርሳ። ስስ ላስቲኩ ይንሸራተትና ከመነዳሪው የኒፕሉ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፤ የጨርቁን ቴፕ አስመጣ። ስፖክ ስትሰካ ደግሞ ክሩን ጠብታ ዘይት አስነካው። ስትጨርስ ስፖኮቹን ጥንድ ጥንድ እያደረግክ በእጅህ ጨምቃቸው፣ ጓንት አድርገህ። ሳይጨመቁ የተለቀቁ ስፖኮች መንገድ ላይ ነው ቦታቸውን የሚይዙት፣ ያን ጊዜ ቸርኬው ይወላገዳል።


ባለ ኮርሳው፦

(መስከረም አጋማሽ ላይ የተጻፈ)

ታሰረ! የፊቱ አንድ ቀን ፈጀብኝ፣ የኋላው ሦስት። ብስክሌቷን ገልብጬ ፎርኬላው ላይ የልብስ መስቀያ ሽቦ አስሬ እሱን እንደ መለኪያ አድርጌ አቃናሁት። ባለቤቴ ማታ ማታ ስፖክ ስቃኝ ስትሰማ "ዘፈኑ መቼ ይጀመራል?" ትለኛለች። ጎማው 28 ሚሊ ሆኖ አየሩን ከ100 ወደ 80 ፒኤስአይ ዝቅ አድርጌዋለሁ። ኮብልስቶኑ ላይ ጥርሴ መንቀጥቀጡን አቁሟል፣ ይሄን ብቻ ብነግራችሁ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን አስጨንቆኛል። ዛሬ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ስወጣባት ከቤት እስከ ጊዮርጊስ ድረስ ከኋላ ቲንግ፣ ቲንግ፣ ቲንግ ሲል ነበር። ከዚያ ጸጥ አለ። ስፖክ የተበጠሰ መስሎኝ ቆሜ አንድ በአንድ ቆጠርኩ፣ 32ቱም አሉ። ምንድነው ጋሼ?


ሠላሳ ስድስት፦

ኒፕሉን ስታዞር ስፖኩም አብሮ ተጠምዝዞ ቀርቶ ነበር። ስትነዳው ተፈታ፣ ድምፁ ያ ነው። ክፋት የለውም። በሚቀጥለው ሩብ ዙር ስታጠብቅ ትንሽ አሳልፈህ ወደ ኋላ መልሰው፣ እንደተጠመዘዘ አይቆይም። አሁን ግን የተፈታው ቦታ ላይ ላልቶ ይሆናል። ሐይቁን ተከትለህ ሁለት ሦስት ቀን ንዳትና እንደገና ቃኛት። ቤዛዊት ከዚያ በኋላ።